በተሸነፈ ቁጥር ርቀቱን ያረዘመ ሯጭ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ሁለት ዓይነት ሰው ይተላለፋል። የሚወርዱት እናቶች ናቸው፤ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አግድም አዝለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ይመጣሉ። የሚወጡት ሯጮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ፣ በአንድ መስመር፣ ወሬ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። መንገዱ ሲጠብ ዳር የሚይዙት ሯጮቹ ናቸው። ማን የበለጠ እንደደከመ እዚያ ዳገት ላይ አያከራክርም።

የእንጦጦ ሰንሰለት የአዲስ አበባ የሰሜን አጥር ነው፤ ከጉለሌ እስከ የካ ይዘልቃል። ከፍታው 3000 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ሰውነት ጉድለቱን ለመሙላት ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ያንን ደም ይዞ ወደ ቆላማ የአውሮፓ ከተማ የወረደ ሯጭ ሳንባው የሰፋለት ይመስለዋል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ብርዱና የማገዶ እጦቱ አስመርሯቸው ቤተ መንግሥታቸውን ከተራራው ወደ ፍልውሃ ሜዳ አወረዱ። ባሕር ዛፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ያ ብርድና ያ ስስ አየር ሯጩን ሽቅብ ይጎትተዋል።

በዚህ ተራራ ከ20 ዓመት በላይ ከተመላለሱት አንዱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው የሜዳሊያና የክብረ ወሰን ቆጠራ ነው። እኔን ከድሉ ይልቅ የሚገርመኝ ሽንፈቱ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ከሽንፈቱ በኋላ ያደረገው። ሌላው ሯጭ ፍጥነቱ ሲከዳው ቀስ በቀስ ከስም ዝርዝሩ ይጠፋል። ኃይሌ ግን ባነሰ ርቀት ሲቀደም ወደሚረዝመው ተሻገረ፤ እዚያም ሲቀደም ሌላ የሚረዝም ፈለገ።

የተወለደው ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. አሰላ አካባቢ ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ልጆቹ አሥር። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ጠዋት 10 ሲሄድ፣ ከሰዓት 10 ሲመለስ። ደብተሩን በግራ ብብቱ ሸጉጦ ነበር የሚሮጠው። ኋላ በዓለም መሞች ላይ ግራ ክንዱን አጥፎ፣ የሌለ ደብተር እንዳይወድቅበት የሚጠነቀቅ መስሎ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። አሰልጣኞች የሯጭን የእጅ አጣጣል ሲያርሙ ይኖራሉ፤ ያንን ክንድ ግን እስከ መጨረሻው የዘረጋለት አልነበረም።

ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትሩን ጠቅልሎ ሲወስድ ኃይሌ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ውድድሩን የሰማው የአባቱን ሬዲዮ በስውር ከፍቶ ነው። አባቱ ሩጫ እንጀራ ይሆናል ብለው አያምኑም ነበር። አይፈረድባቸውም፤ በዚያ ዘመን እግሩን ብቻ ይዞ ቤት የሠራ ሰው ለማየት ሩቅ መሄድ ያስፈልግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ አዲስ አበባ መጥቶ የመጀመሪያ ትልቅ ውድድሩን ሮጠ። ውድድሩ ማራቶን ነበር። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ 42 ኪሎ ሜትር መሮጡን ዛሬ የሚፈቅድ አሰልጣኝ አይገኝም። የገባው በ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከ20 ዓመት በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥቂት ዓመት አዲስ አበባ የሚኖር የማንም ወጣት ሯጭ ታሪክ ነው፤ በወንድም ቤት መኖር፣ ሌሊት መነሣት፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዙ መሮጥ። የጫካው ሩጫ ቀጥ ብሎ አይሄድም። መሪው በዛፎቹ መሐል ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ወደ ግራ ይመለሳል፣ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ይወርዳል፤ የተቀረው እንደ ጥላ ይከተላል። እግር ሥር የዛፉ ሥር፣ ድንጋዩና የረገፈው ቅጠል ስላለ ቁርጭምጭሚት ይጠነክራል፤ ርቀቱን ግን የሚያውቅ የለም፤ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ጨለማው ሳይገፈፍ የወጣ ሯጭ ወደ ዋሻው የሚመለስ ጅብ ይገጥመዋል። የፍጥነቱ ልምምድ አዲስ አበባ ስታዲየም ነው፤ ረጅሙ የአስፋልት ሩጫ ደግሞ ዝቅ ብሎ ሰንዳፋ ወይም አቃቂ።

1985 ዓ.ም. የኃይሌ ዓመት ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ ብቻ ነው ይህ የሚገለጠው። ዓመቱ በመስከረም ሲከፈት ሶል ላይ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 5 ሺህም 10 ሺህም አሸነፈ። ዓመቱ በነሐሴ ሊዘጋ ሲል፣ በፍልሰታ ሰሞን፣ ሽቱትጋርት ላይ ከአዋቂዎቹ ጋር ተሰለፈ። መጀመሪያ 5 ሺህ ሜትሩ መጣ፤ የ18 ዓመቱ ኬንያዊ እስማኤል ኪሩይ ከሩቅ ተስፈንጥሮ ወጣና ኃይሌ ሳይደርስበት በ13:02.75 ገባ። ኃይሌ በ13:03.17 ሁለተኛ። ከቀናት በኋላ እጥፉን ርቀት ሊሮጥ ተመለሰ።

ያ 10 ሺህ ሜትር እስከ ዛሬ ያነጋግራል። የፊት መሪው ሌላው ኬንያዊ ሞሰስ ታኑይ ነበር፤ ኃይሌ ተረከዙ ሥር ተለጥፎ ነበር፤ ከልክ በላይ ተለጥፎ። የመጨረሻው ዙር ደወል በሚደወልበት አካባቢ የኃይሌ እግር የታኑይን ጫማ ተረከዝ ረገጠው። ታኑይ በንዴት እግሩን አራግፎ ጫማውን ወረወረና በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ሽምጥ ጋለበ። ክፍተቱ ሰፋ። ኃይሌ ያንን ክፍተት በጀርባው ቀጥታ መስመር መዋጥ ጀምሮ ከመግቢያው ፊት ለፊት ጨረሰው፤ 27:46.02 ለ27:46.54። ስታዲየሙ አፏጨበት። ታኑይ ጣቱን ቀሰረበት። የ20 ዓመቱ ልጅ የመጀመሪያውን የዓለም ወርቁን፣ ለአሸናፊ ከተዘጋጀችው መርሴዲስ ጋር፣ በፉጨት መሐል ተቀበለ። ሆን ብሎ የረገጠው አይመስለኝም፤ በቅርብ መከተል ከእንጦጦ ጫካ ያመጣው ልማዱ ነው። ጫካው ውስጥ ግን ማንም ባለ ሹል ጫማ አያደርግም።

ከዚህ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት የሰዓት ዓመታት ናቸው፤ ዋና መድረካቸውም ሄንግሎ የምትባል ትንሽ የኔዘርላንድ ከተማ ናት። የኃይሌ ወኪል ሆላንዳዊው ዮስ ኸርመንስ ራሱ የቀድሞ ሯጭ ነው፤ በ1 ሰዓት ረጅም ርቀት የመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ ነበር። አሯሯጮችን እንዴት እንደሚደረድር፣ ነፋስ መቼ እንደሚተኛ ያውቃል። ግንቦት 1986 ዓ.ም. ኃይሌ ሄንግሎ ላይ 5 ሺህ ሜትሩን በ12:56.96 ሮጦ ከሞሮኳዊው ሰይድ አዊታ ክብረ ወሰኑን ወሰደ። በዓመቱ እዚያው ሄንግሎ 10 ሺህ ሜትሩን 26:43.53 አደረገው፤ የቀድሞውን 9 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ልዩነት አሻሽሎ። በዚያው ክረምት ጎተንበርግ ላይ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ጠበቀ፤ ወዲያው ዙሪክ ላይ 5 ሺህ ሜትሩን በ12:44.39 ገባ። ኬንያዊው ሞሰስ ኪፕታኑይ ይዞት የነበረውን ሰዓት በአንድ ምሽት ወደ 11 ሰከንድ ቆረጠው። በዚህ ርቀት ሰዎች በሰከንድ ክፋይ ነው የሚሻሻሉት፤ 11 ሰከንድ ስታዲየሙን የሚያስጮህ ቁጥር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. አትላንታ። ከአንድ ቀን በፊት ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን አሸንፋ አገሩ በደስታ ላይ ነበር። የአትላንታ መም ለአጭር ርቀት ፈጣኖች ተብሎ ጠንክሮ የተሠራ ነው፤ 25 ዙር ለሚዞር ሰው ድንጋይ ነው። ኃይሌ በ27:07.34 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ፤ ሲጨርስ ግን እግሩ ውኃ ቋጥሮ፣ ቆዳው ተልጦ ነበር። 5 ሺህ ሜትሩን ተወው። ሁለተኛ የወጣው ረጅሙ ኬንያዊ ፖል ቴርጋት ነው፤ ይህን ስም ከዚህ በኋላ ደጋግመን እናነሣዋለን። በ1989 ክረምት አቴንስ፣ በ1991 ነሐሴ ሴቪያ፣ ሁለቱም ላይ ኃይሌ አንደኛ፣ ቴርጋት ሁለተኛ። ሁለቱም ሰዎች እንደዚያ መደርደር የለመዱ ይመስሉ ነበር።

በመሐሉ ክብረ ወሰኖቹ እንደ ዕቁብ ዞሩ። 10 ሺውን ሞሮኳዊው ሳላህ ሂሱ ወሰደው፤ ኃይሌ መለሰው፤ ቴርጋት በዚያው ክረምት ነጠቀው። 5 ሺውን ዳንኤል ኮመን ወሰደው። ኃይሌ እንደገና ወደ ሄንግሎ ሄደ፤ ግንቦት 24 ቀን 1990 ዓ.ም. 26:22.75። 25ቱን ዙር አንዱን ከሌላው ሳያበላልጥ በ63 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በ12 ቀኑ ሄልሲንኪ ላይ 5 ሺውን በ12:39.36 ሲያስመልስ ኮመንን የቀደመው በሰከንድ 38 መቶኛ ብቻ ነው። ሁለቱ ክብረ ወሰኖች ለስድስት ዓመት ቆሙ።

ከዚያ ሲድኒ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የደመራ ዋዜማ። እዚያ ምሽት ሲሆን እዚህ ገና ቀን ነው። ኃይሌ የተረከዝ ጅማቱ ታምሞ ልምምዱን በቅጡ አልጨረሰም፤ ይሂድ አይሂድ የሚለው ራሱ አጠያያቂ ነበር። ውድድሩ በዝግታ ሄዶ በመጨረሻው ዙር ፈነዳ። ቴርጋት 250 ሜትር ገደማ ሲቀረው፣ ማንም ባልጠበቀው ኃይል፣ ረጃጅም እግሩን ዘርግቶ ወጣ። የአትላንታው፣ የአቴንሱ፣ የሴቪያው ሁለተኛነት በዚያች ሩጫ ውስጥ ነበር። ኃይሌ ከኋላው ሄደ። ኩርባውን ሲጨርሱ አሁንም ቴርጋት ፊት ነው። በመጨረሻው 100 ሜትር አጭሩ ሰው፣ ግራ ክንዱ እንደታጠፈ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ሳብ ብሎ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ክፍተቱን በስንዝር በስንዝር በላው። ከመስመሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲቀር ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። 27:18.20 ለ27:18.29።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ይህን ልዩነት እስከ ዛሬ «9 ማይክሮ ሰከንድ» ይሉታል፤ የሰከንድ 9 መቶኛ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ላይ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 12 መቶኛ ነበር። 10 ኪሎ ሜትር የሮጡት ሁለት ሰዎች 100 ሜትር ከሮጡት ይልቅ ተቀራርበው ገቡ። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ነው፤ ያን ቀን እሱን የሚያይ ዓይን አልተረፈም፤ በሌላ ዓመት ቢሆን ስሙ አገር ያስጨፍር ነበር። ኢትዮጵያ ከሲድኒ በ4 ወርቅ ስትመለስ የአዲስ አበባ ሰው አደባባይ ወጣ። «ይቻላል» የሚለው የኃይሌ ቃልም በየሱቁ፣ በየታክሲው መስታወት ላይ ተለጠፈ።

ይኸው 1993 ዓ.ም. ግን አጨራረሱ እንደ አጀማመሩ አልሆነም። ኃይሌ ተረከዙን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ከሲድኒ በኋላ የመጀመሪያ ውድድሩ ነሐሴ ላይ፣ ኤድመንተን፣ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ነው፤ ያለ ምንም ማሟሟቂያ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ10 ሺህ ሜትር ተቀደመ። ቻርልስ ካማቲ አንደኛ፣ አሰፋ መዝገቡ ሁለተኛ፣ ኃይሌ ሦስተኛ። ብዙ ሰው ሽንፈቱን ከሕመሙ ቆጠረው። እሱ ምን እንደቆጠረው የታየው በሁለት ወሩ ነው፤ ብሪስቶል ላይ የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ። ርቀቱን አረዘመ።

ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ 10 ሺህ ሰው ተሰለፈ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው፤ የመጀመሪያው። ሐሳቡን ከደጋፊዎቹ ጋር ያመጣው ኃይሌ ራሱ ሮጦ ራሱ አሸነፈ። ደግሶ ራሱ በላ ያሉትም ነበሩ። ሩጫ በዚህ ከተማ ከዚያ በፊት የአትሌት ሥራ ነበር፤ ጎረምሳ በቁምጣ በአስፋልት ሲሮጥ ከታየ «ሌባ! ያዘው!» የሚል ቀልድ አይጠፋም ነበር። ከዚያ ኅዳር ወዲህ የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ አያቱ ሁሉ ቲሸርት ገዝቶ ይወጣል፤ ተሳታፊው ከ40 ሺህ አልፏል።

በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ለንደን ላይ እንደ አዋቂ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጠ። ካሊድ ካኑቺ በ2:05:38 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ፤ ቴርጋት ሁለተኛ፣ ኃይሌ በ2:06:35 ሦስተኛ። ከዚህ በፊት በጉልህ መድረክ ቴርጋት ኃይሌን ቀድሞ ሲገባ ማየት ያልለመደ ተመልካች ግራ ገባው። ማራቶን የመም ብልጠት አይሠራበትም፤ የመጨረሻ ዙር የለውም፤ አድፍጦ ቆይቶ መስፈንጠር አይቻልም። ኃይሌ ወደ መሙ ተመለሰ። ባይመለስ ይሻለው ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ባይመለስ ኖሮ የአቴንሱን ኦሊምፒክ አናየውም ነበር።

መጀመሪያ ግን ፓሪስ፣ ነሐሴ 1995 ዓ.ም.። ከበቆጂ የመጣው የ21 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ በ26:49.57 አሸነፈው፤ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ። ሦስቱም የእኛ። በዓመቱ ግንቦት ላይ ቀነኒሳ የኃይሌን የ5 ሺህ ክብረ ወሰን ሰበረ። የት? ሄንግሎ። ከሳምንት በኋላ 10 ሺውንም ኦስትራቫ ላይ። ስድስት ዓመት የቆሙት ሁለቱ ሰዓቶች በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወደ ሌላ የአርሲ ልጅ ዞሩ።

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. አቴንስ፣ ኦሊምፒክ። ኃይሌ እንደገና በጅማቱ ሕመም ልምምዱ ተቆራርጦበት ነው የመጣው። ሦስቱ ኢትዮጵያውያን አብረው ወጡ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ኃይሌ ቀረ። ከዚያ የሆነው በሌላ አገር ሯጭ ላይ አይሆንም። ቀነኒሳና ስለሺ ቀዝቀዝ አሉ። ዞረው አዩ። እንደገና ዞረው አዩ። ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ፣ ወርቅ ፊታቸው ተቀምጦ፣ ታላቃቸው እንዲደርስ ጠበቁት። ለአፍታ ደረሰባቸውም፤ ከዚያ እንደገና ላላ። በዚያ መሐል የኤርትራው ዘረሰናይ ታደሰና ዩጋንዳዊው ቦኒፌስ ኪፕሮፕ በልባቸው ምን እንዳሉ እንጃ። ቀነኒሳ በመጨረሻ ሳይዞር ሄደ፤ ስለሺ ተከተለው። ኃይሌ 5ኛ፣ 27:27.70። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ያለቀሰው ሰው ወርቅና ብር ስላገኘን አይደለም። የሁለቱን አንገት ዞሮ ማየት ነው ያስለቀሰው።

31 ዓመቱ ነው። ሁለት ኦሊምፒክ፣ አራት የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር፤ እዚህ ላይ ቢያቆም ማንም ምንም አይለውም ነበር። እሱ ጠቅልሎ ወደ ጎዳና ወረደ። ጥቅምት 1998 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ማራቶን በ2:06:20 አሸነፈ። በጥር ፊኒክስ ላይ የግማሽ ማራቶኑን የዓለም ክብረ ወሰን 58:55 አደረገ። በመስከረም በርሊን 2:05:56። የመንገድ ሩጫው ሌላ እርምጃ ይፈልጋል፤ በጣት ጫፍ ሳይሆን በመሐል እግር፣ ጉልበት ሳይነሣ፣ ክንድ ዝቅ ብሎ። እንጦጦም ድርሻው ተቀየረ፤ ለፍጥነት ሳይሆን ለብዙ ሰዓት ወጪና ወራጅ።

ሰኔ 1999 ዓ.ም. ኦስትራቫ ላይ ያደረገውን እወድለታለሁ፤ ማንም ብዙም አያነሣውም። በ1 ሰዓት ስንት ሜትር ይሮጣል? 21,285 ሜትር ሮጠ፤ 53 ዙርና 85 ሜትር፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ከ31 ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር ዓይነት ክብረ ወሰን ይዞ የነበረው ኸርመንስ ነው፤ የሱ 20,944 ነበር። ሽልማቱ ትልቅ አይደለም፣ ቴሌቪዥኑም አይጓጓለትም። ወኪሉንና ሯጩን የሚያስተሳስር የግል ጉዳይ ይመስላል።

በሦስት ወሩ በርሊን። መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፤ ሚሊኒየማችን ገና 19 ቀኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የበዓሉ መብራት አልወረደም። የማራቶኑ ክብረ ወሰን በቴርጋት እጅ ነበር፤ 2:04:55፣ እዚያው በርሊን ላይ የተመዘገበ። ኃይሌ በ2:04:26 ገባ። በሲድኒ በሰከንድ 9 መቶኛ የቀደመውን ወዳጁን አሁን በ29 ሰከንድ ቀደመው፤ ግን በሌለበት። በዓመቱ፣ ከመስቀል ማግሥት፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እዚያው መንገድ ላይ 2:03:59። ማራቶንን ከ2:04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው፣ በ35 ዓመቱ። አሁን ያንን የያዝነውን ቁጥር እናውጣው፤ ልጁ በ15 ዓመቱ ከገባበት 2:48 ላይ 44 ደቂቃ ወረደ። ኪሎ ሜትሩን ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግን ስለ ቤይጂንግ ኦሊምፒክ አንድ ውሳኔ ወስኖ ነበር። የአስም ሕመም አለበት፤ የከተማዋን ጭስ ፈርቶ የኦሊምፒኩን ማራቶን ትቶ 10 ሺውን ሮጠ፤ 6ኛ ወጣ። በአእምሮው ሲመላለስ የነበረው የጎደለው ሜዳሊያ፣ የማራቶን ኦሊምፒክ ወርቅ፣ በዚያው አመለጠው። አየሩ ደግሞ እንደተፈራው አልሆነም። ይህ ውሳኔ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከኦሊምፒኩ በኋላ በርሊን ላይ የሮጠው ሰዓት ራሱ ይመሰክርበታል።

ከዚህ በኋላ ያለው መውረጃ ነው። የቀደሙትን ጨምሮ በርሊንን አራት ጊዜ በተከታታይ፣ ዱባይን ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ፣ ኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይ፣ ጉልበቱ አልሄድ አለው፤ ቆመ። ውድድሩን ያሸነፈው ሌላው የእኛ ልጅ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ነው፤ የሕይወቱ የመጀመሪያ ማራቶን። ኃይሌ ግን የዕለቱን ወሬ ሁሉ ወሰደበት፤ ጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ ሩጫ በቃኝ አለ። ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። አዲስ አበባ ላይ ማንም አልተገረመም።

መስከረም 2004 ዓ.ም. ወደ በርሊን ተመለሰ። ኬንያዊው ፓትሪክ ማካው ከፊቱ በግራና በቀኝ እየተጠማዘዘ፣ ከጥላው ሊያስወጣው ሞከረ፤ የእንጦጦ ጫካ ብልሃት በአስፋልት ላይ። ተሳካለት። ኃይሌ ትንፋሽ አጥሮት መንገድ ዳር ቆመ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ አቋረጠ። ማካው 2:03:38 ገብቶ ክብረ ወሰኑን ሲወስድ የክብረ ወሰኑ ባለቤት ኃይሌ እዚያው መንገድ ላይ ነበር። በቀጣዩ ግንቦት ለለንደን ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ሊሮጥ ወደ ሄንግሎ ሄደ፤ 39 ዓመቱ ነው። 27:20.39፣ 7ኛ። ያ ሰዓት ሲድኒ ላይ ወርቅ ካገኘበት በ2 ሰከንድ ብቻ ይበልጣል። ሄንግሎ ግን አሁን የሌሎች ልጆች ነበረች፤ የቀነኒሳ ታናሽ ወንድም ታሪኩ በቀለ አሸነፈ።

ማቆሙ እንደ ሩጫው አጨራረስ ፈጣን አልነበረም፤ ሌላ ሦስት ዓመት ፈጀ። ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ማንቸስተር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ 16ኛ ገባ፣ እጁን አውለበለበ፣ መወዳደር አቆምኩ አለ። የተወው ውድድርን እንጂ ሩጫን እንዳልሆነ ጨምሮ ነገራቸው። 42 ዓመቱ ነበር።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከአትሌቶች ቅሬታ መሐል የሥራ ዘመኑን ሳይጨርስ ለቀቀ። ወንበሩን ደራርቱ ቱሉ ተረከበች። ጉልበቱና ሳንባው ያስቆሙት ማራቶኖች ላይ እንኳን ያን ያህል ቸኩሎ አላቋረጠም።

በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ንጣፍ መንገድ፣ ካፌ፣ የብስክሌት ጎዳና። ሯጮቹ አሁንም ከንጣፉ ወጣ ብለው አፈሩን፣ ሥሩንና የረገፈውን ቅጠል ይመርጣሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በአንድ መስመር ሲወጡ ለሚያይ ሰው ከመሐላቸው አንድ ሁለቱ ግራ ክንዳቸውን ጠበቅ አድርገው ይሮጣሉ። ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት የሮጡ አይመስለኝም፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤቱ ከደጁ ነው።